የቡናማው ጠርሙስ ነገር

ጥቅምት 3 ቀን 1979፣ ሰኞ። ዴን ሃግ፣ ሆላንድ
ዛሬም ቆሻሻ ስበረብር ዋልኩ። ሐበሾቹ ሲጠይቁኝ ግን «ኬሚስትሪ ነው የማጠናው» እላለሁ። ምን ልበል? ከረጢቶቹ የመጡት ከድሆቹ ሰፈሮች ከስኪልደርስዋይክና ከሮተርዳሙ ሻርሎይስ፣ እንዲሁም ከባሕሩ ዳር የሀብታሞች ሰፈር ነው። መርዛማውን እየለየሁ እመዘግባለሁ፦ ባትሪ፣ ቀለም፣ መድኃኒት። አለቃዬ፣ ሆላንዳዊው ያን፣ በመርዝ የድሆቹ ሰፈር ይብሳል ባይ ነው። እናያለን።

ከሀብታሞቹ ከረጢት አንድ ቡናማ ጠርሙስ ወጣ። ወፍራም፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ ወረቀቱ የተላጠ። ይሄ ይጣላል? ሳልመዘግበው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጥቅምት 5
ስኪልደርስዋይክ፣ ወይዘሮ የትነበርሽ ቤት ሄድኩ። ቢሮ ያጸዳሉ፤ እኔን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። ዘመድ የእንጦጦ ማርያም ጠበል በጄሪካን አምጥቶላቸዋል። «መቅጃ ዕቃ አጣሁ» ሲሉ ጠርሙሱን ሰጠኋቸው። ሦስቴ በሙቅ ውኃ አጥቤዋለሁ። መረቁኝ። ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቁም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ጥቅምት 14
የላቦራቶሪ ውጤት መጣ። ከዚያው ከሀብታሞቹ ሰፈር የወጡ ሁለት ቡናማ ጠርሙሶች... የአረም መርዝ። ቅርጻቸው ያው፣ ክዳናቸው ያው። ቢታጠብም ለመጠጥ አይሆንም ተባልኩ።

ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው... ያውም ዘጠኝ ቀን። ስልክ ደወልኩ፣ አይነሳም። ምን ነክቶኝ ነው የሰጠኋቸው?

በትራም ሄድኩ። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፣ መጥረጊያ ይዘው።

«ጠጥተውበታል? በጠርሙሱ?»

ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አወጡት። ባዶ፣ ደረቅ።

«ማንደፍሮ፣ ስድስት ዓመት የሰው ቆሻሻ ያነሳሁ ሰው ነኝ። ቢታጠብም ሽታውን አውቀዋለሁ። ጠበል አደርግበታለሁ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አፍረህ ብትቀርብኝስ?»

ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እፎይ... ተመስገን።

ጥቅምት 17
ለአለቃዬ ለያን ሁሉንም ነገርኩት። ተቆጣኝ፣ እውነቱን ነው። ጠርሙሱን መዝግበን ቁጥሩን አስተካከልን። በመርዝ የሀብታሞቹ ሰፈር አንደኛ ወጣ። «ለምን?» አለ ያን፤ መለስኩለት። የስኪልደርስዋይክ ሰው ጓሮ የለው፣ የአረም መርዝ ምን ያደርግለታል? ጥሩ ዕቃ ደግሞ አይጥልም። ግን በየቤቱ በምን ዕቃ ምን ተቀምጦ ይሆን? ይሄ በከረጢት አይታወቅም፣ ቤት ለቤት መጠየቅ ነው። «እንግዲያው አንተው ጠይቅ» አለኝ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ
ስኪልደርስዋይክ ሄጄ ሦስት በር አንኳኳሁ፣ የከፈተልኝ የለም። ወይዘሮ የትነበርሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረጃው ላይ አገኙኝ። ነጠላቸውን እንዳደረጉ ቀደሙኝና የሞሮኳዊት ጎረቤታቸውን በር መቱ። ተከፈተ።

በዚያች ስብርብር ሆላንድኛቸው «ልጄ ነው፤ ቆሻሻ ያጠናል» አሉ።

«አዎ» አልኩና የመጠይቁን ቅጽ አወጣሁ።