ኢኒሚካል የሚሉት ቃል

ኅዳር ፱፣ መካነ ኢየሱስ

ዛሬ ለአሥራ አንደኛ ክፍል «ኢኒሚካል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አስተማርኩ። «ጠላትነት ያለው ማለት ነው፤ አሁን አሁን ግን ከሰው ይልቅ ስለሚጎዳ ነገር ነው የሚነገረው» አልኩና «ውርጭ ለባቄላ ኢኒሚካል ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ውርጭ ይቆጣል እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወንድሜ ወደ ሙላት የላክኳቸው ሽማግሌዎች ከወገዳ ተመለሱ። በአባታችን መሬት ከተጣላን ወዲህ አንነጋገርም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሪጌታ፣ «ኧረ ምንም አልተቆጣ! እግራችንን አጥቦ፣ አብልቶ አጠጥቶ ነው የሸኘን» አሉኝ። ደስ አለኝ።

«ታዲያ ምን አለ?» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «‹ቂም የለኝም። ብቻ እሱም ለእኔ ለቅሶ አይድረስ፣ እኔም ለእሱ አልደርስም› አለ።»

በአገራችን ከዚህ ወዲያ የሚባል ነገር የለም። ቢሳደብ፣ ዱላ ቢያነሳ፣ ደግሜ ሽማግሌ እልክ ነበር፤ ቁጣ ይበርዳል።

ለልጅቷ አሁን መልስ አለኝ። ውርጭ አይቆጣም። ሌሊቱን ድምፅ ሳያሰማ ያድራል፤ ጠዋት ስትወጪ ባቄላው ጠቁሮ ታገኚዋለሽ።