ስለ ፊኛዬ ጉዳይ፣ መካ ላለው ጀሚ

ውድ ጀሚ፣

ስልክህን ከዘጋህ ወዲህ ወሬህን የምሰማው ከእህትህ ከሀሲና ነው። «ደህና ነው፣ ይሠራል፣ ይበላል፣ ግን አንተን ለማናገር አፍሯል» አለችኝ። መኪና አስነስቼ እንዳልመጣ መካ መግቢያ ላይ ያለውን የሹመይሲን ፍተሻ ክርስቲያን አያልፈውም። ስለዚህ ጻፍኩ። ሀሲና ታደርስልሃለች፤ ሳትጨርሰው እንዳትቀደው።

ተጠራጣሪ መሆኔን ታውቃለህ። «ጋሼ ከፍያለው ጥላውንም አያምን» እያልክ ስታሾፍብኝ ኖረሃል። በእኔ ቦታ ብትሆንስ ማንን ታምናለህ? ሽንቴ ደም የቀላቀለ ጊዜ እዚህ ጅዳ ያለው ዶክተር ረሺድ በመሣሪያ ገብቶ ዕጢውን ጠረገልኝና «ኸላስ፣ አለቀ» አለኝ። ዕጢው ተመለሰ። ደግሞ ጠረገው፤ ከዚያም በየሳምንቱ ፊኛዬ ውስጥ መድኃኒት እየጨመረ ሲያቃጥለኝ ከርሞ «አሁንስ አለቀ» አለ። እሱም ተመለሰ። በመጨረሻ ኮስተር ብሎ «ካንሰሩ ወደ ጡንቻው ሊገባ ነው፤ ፊኛህ መውጣት አለበት። ከእንግዲህ ሽንትህ በሆድህ በኩል ወጥቶ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል» አለኝ። ደጋግሞ አለቀ ያለኝን ሰው አሁን ምን ብዬ ልመነው? መቁረጥ አምሮት ነው አልኩህ።

ያን ጊዜ ነው የመካውን ስፔሻሊስት ያነሳህልኝ። ሀሲና እሱ ክሊኒክ ታጸዳለች፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው እየመጣ ያማክረዋል። «ጋሼ፣ አንተ መግባት ባትችል ወረቀትህ ይገባል! የተነሳኸውንም የራጅ ሲዲ ስጠኝ፣ እኔ አሳይልሃለሁ ወላሂ» አልከኝ። ሕይወቴን በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠሁህ።

ስትመለስ ግን ነገረ ሥራህ አላማረኝም። እዚህ አል-ባላድ ሰፈር ፉል ቤት ቁጭ ብዬ ስጠብቅህ ብርቱካን፣ ቴምርና ዘምዘም ተሸክመህ ከተፍ አልክ። ሁልጊዜ እጁን እያወዛወዘ የሚመጣ ሰው! አቅፈኸኝ ለቀቅከኝና ደግሞ አቀፍከኝ። ለወትሮው «አንተ» የምትለኝ ሰውዬ «ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» አልከኝ።

«አልሀምዱሊላህ፣ ንጹህ ነው! ምንም የለም! ሐኪሙ ራሱ ማሻአላህ አለ። ከስድስት ወር በኋላ ብቅ በል ነው ያለው። መቁረጥ የሚባል ነገር የለም!»

ንጹህ? ያን ጠዋት እንኳ ሽንቴ ቀይ ነበር።

የእኛን አገር ሰው አውቀዋለሁ፤ ለታማሚ ክፉ አይነግርም። አባቴን ቤተ ዘመዱ «ጨጓራ ነው፣ ተልባ ጠጣ» እያለ ነው መቃብር ያወረደው። ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ እሱ ብቻ አላወቀም። ስለዚህ አንተ ስትስቅ እኔ የራሴን መርዶ እየሰማሁ ነበር። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦብኛል፣ ይሄ ልጅ እስክሞት ደስ ሊያሰኘኝ ነው አልኩ። ከዚያም የባሰ አሰብኩ፤ መኪናዋን የምነዳላት አሠሪዬ ማዳም ሹፌር እንዳይጎድልባት ከጀርባዬ «አትቆረጥ በለው» ብላህ እንደሆነስ? አዎ፣ አንተን! የጠረጠርኩት አንተን ነው። ከዚያ እንደ ፖሊስ አፋጠጥኩህ።

«ሲዲውን ከፍቶ አየው?»

«አየው መሰለኝ። ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

«መሰለኝ ምንድን ነው? ታዲያ ምኑን አይቶ ነው ንጹህ ያለው?»

«በማሽኑ ነዋ! ያንን ቀዝቃዛ ነገር ሆድ ላይ ቀብተው...»

«የማን ሆድ ላይ?»

ጉርሻህን እንደያዝክ ቀረህ። «የእኔ» አልክ።

ከዚያማ ቀስ በቀስ ወጣ። በሩ ላይ ያለችው ልጅ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስትልህ ከፌስታሉ የእኔን ቅጂ ብታወጣ ክርስቲያን ነው ብለው ጣጣ ያመጡበታል ብለህ ፈራህ፤ የራስህን ሰጠህና ፋይሉ በስምህ ተከፈተ። ነርሷ ኩባያ ሰጥታ ሸንተህ ና አለችህ፤ ሸናህ። ተኛ አለችህ፤ ተኛህ። ሐኪሙም ጥድፊያ ላይ ነበር፤ ከፊቱ የተቀመጠለትን የዕለቱን ውጤት አየና ንጹህ አለ። እውነቱን ነው፣ ያንተ ፊኛ ንጹህ ነው። እንኳን ደስ ያለህ!

«አንተ ሰው፣ አእምሮህን ምን ነካው?» አልኩህ።

ዓይንህ እንባ ሞልቶ «ጋሼ፣ ለታመመ ሰው የመካ ጸሎቱ፣ ዑምራው፣ በወኪል ይደረግለት የለ? እኔ ራሴ ለስንቱ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው አድርጌያለሁ። ይሄም እንደዚያው መስሎኝ» አልከኝ።

ፉል ቤቱ ዞሮ እስኪያየን ጮህኩብህ። «ልትገድለኝ ነበር እኮ፣ ጅል!» አልኩህ። ብርቱካንህን ጥለህ ወጣህ።

የቀረውን አንተ አታውቅም። ሀሲና ስትሰማ አለቀሰች፤ ከዚያ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠብቃ ነገሩን አፍረጠረጠችለት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቆይቶ ሳቁን ተወው አለችኝ። አንተ ረስተኸው የመጣኸውን ሲዲ አስፈልጎ ከፈተው፤ ወረቀቶቹንም አንድ በአንድ አነበበ። ከዚያ በሀሲና ስልክ በቪዲዮ ደወለልኝ። «በሽተኛው አንተ ነህ? እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት።

«የጅዳው ሐኪም ያለህ ልክ ነው። እኔም ብሆን ፊኛውን አወጣዋለሁ። ካንሰሩ ገና ከዚያ አላለፈም፤ አሁን ከወጣ የመዳን ተስፋህ ጥሩ ነው። ከዘገየህ ግን ዋስትና የለኝም።»

ይሄንንም ወዲያው አላመንኩም። «ከዶክተር ረሺድ ጋር ትተዋወቃላችሁ? ዘመድ ናችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሀሲና ከስልኩ ጀርባ «ኧረ በአላህ ጋሼ!» ብላ ጮኸች። ሰውዬው ግን አልተቆጣም። ስልኩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግቶ ፊኛዬ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችውን ነገር በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ የምጠረጥረው ሰው አጣሁ፤ የቀረኝ ፍርሃቱ ብቻ ነው። በጣም ነው የፈራሁት ጀሚ። ያንን ከረጢት አንግቼ እንዴት መሪ እይዛለሁ? እንዴትስ ሰው ፊት እቀርባለሁ? ግን ደግሞ መሞት አልፈልግም።

ዶክተር ረሺድን «ፊኛውን አውጣው» አልኩት። ቀዶ ጥገናው የፊታችን እሁድ ነው።

ሆስፒታሉ ደም የሚሰጥ ሰው አምጣ ብሎኛል። ማዳም የሰፈሩን ሹፌሮች ልሰብስብልህ አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። የሰው ደም ውስጥ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ? ያንተን እንኳ በመካ ስፔሻሊስት አስመርምሬዋለሁ። ሳቅ እንጂ!

ቅዳሜ ና። ስትሰጥ በራስህ ስም ስጥ፤ ስትጨርስም አትሂድብኝ። እሁድ ከቀዶ ጥገናው ስወጣ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጥ። ሐኪሙ የሚናገረውን አንተ ስማው፤ ስነቃ የምጠይቀው አንተን ነው። ክፉም ቢሆን እንዳለ ንገረኝ። አምንሃለሁ።

ጋሼህ ከፍያለው
ከጅዳ