ሳይሞቱ ለተለቀሰላቸው ሊቀመንበራችን፣ ስለ ሁንዴ ቮልት ጡሩምባ

ለተከበሩ አቶ ዘገዬ
የ«ፀሐይ በር» መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
አዳማ

የተከበሩ ጋሼ ዘገዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ጤናዎን የምጠይቀው እንደ ሌላው ደብዳቤ ጸሐፊ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግማሹ ሰፈር ሞተዋል ብሎ ስላለቀሰልዎ፣ መኖርዎን በጽሑፍ ማረጋገጥ ተገቢ መስሎ ስለታየኝ ነው። ጉልበትዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ የአዳማ ነፋስ በየዓመቱ የሚቀሰቅስብዎ ሳል፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እሰይ። እኛም ደህና ነን፤ ፊርማዎ ያረፈበትን ማስታወቂያ በእድሩ ቤት በር ላይ ካነበብን ወዲህ ብቻ ሳቅ አላስቀምጥ ብሎናል።

ማስታወቂያውን ላላነበበ ሰው ላሳጥረው። የሰፈራችን ልጅ ሁንዴ፣ በሙዚቃ ስሙ ሁንዴ ቮልት፣ «ነባሩንና ባህላዊውን ፈጣን ምቱን ትቶ ሕዝብ ወዳልተስማማበት፣ ከበሮ ወደሌለው ቀስ ያለ ድምፅ በመግባቱ፣ እንዲሁም በእድሩ ጡሩምባ ድምፅ ኅብረተሰቡን በማደናገሩ» ተከሷል። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ፣ ወይ ወደ ቀድሞው ስልቱ እንደሚመለስ ፈርሞ ጡሩምባ ያለበትን ቅጂ በኮሚቴው ፊት ከኮምፒውተሩ ያጠፋል፣ ወይ ሙዚቃ የሚሠራበትን የእድሩን ዕቃ ቤት ለቅቆ ይወጣል። እኔ ያ ቅጂ እንዳይጠፋ የምፈልግበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ ተራው ሲደርስ እነግርዎታለሁ። ታላላቆች ሳይጨርሱ ልጅ አይናገርም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ መጀመሪያ የእርስዎን ላስቀድም።

አስቀድሜም ምስጋና አለኝ። ሽማግሌ ሲላክ ያየሁት ለጋብቻና ለተጣላ ባልና ሚስት ብቻ ነበር፤ ሦስት አዛውንት ከዘራ ይዘው አንድን ሰው ከከበሮው ጋር ሊያስታርቁ ሲሄዱ ለማየት ያበቃኝ የእርስዎ ኮሚቴ ነው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ወንበር ስላልነበረ በተደፉት የድግስ ድስቶች ላይ ተቀምጠው፣ ከሦስቱ አንዱ ጋሽ አብዱልጀባር በሐዘን ድምፅ «ልጄ፣ እስቲ ንገረን፣ ምን አስቀየመችህ?» ብለው ሲጠይቁት፣ የሚጠይቁት ስለ ከበሮዋ መሆኑን እስኪረዳ ድረስ ያለ የሌለ የሴት ጓደኞቹን ሁሉ ሲያስብ እንደቆየ ሁንዴ ነግሮኛል። ይህን የመሰለ ሽምግልና በታሪክ መዝገብ ሊሰፍር ይገባዋል። አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፦ «ነባርና ባህላዊ» ስለተባለው ምት። በክረምቱ እረፍት የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን በኮምፒውተር እንድገለብጥ መዝገቦቹን «ጎበዝ ልጅ» ብለው የሰጡኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ባይሰጡኝ ይሻልዎት ነበር። ከሦስት ዓመት ከአራት ወር በፊት በተጻፈው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሁንዴ የተባለው ወጣት የረገዳ ጭፈራችንን በኮምፒውተር እያጣደፈ የሚያሰማው ጩኸት የሰውን ትከሻ ያለ ፈቃዱ የሚያንቀጠቅጥና ዘር ማንዘሩ የማይታወቅ በመሆኑ ኮሚቴው በጥብቅ ያወግዛል።» ከሥሩ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ አልናገርም፤ «ዘ» ብሎ ጀምሮ በትልቅ ጭራ ያልቃል። እንግዲህ ያ ጩኸት በሦስት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ባህል ከሆነ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሆንኩት እኔ ጥንታዊ ቅርስ ነኝና በጥንቃቄ እንዲያዙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ደግሞ መቼ ባህል እንደሆነ ቀኑን አውቀዋለሁ። በልጅዎ በእናትነሽ ሰርግ ላይ ነው። ኮትዎን አውልቀው ለሰፈራችን አልቃሽ ለእትዬ ሙሉብርሃን አስይዘው፣ ሁለቱ ትከሻዎችዎ ለየብቻቸው ወደተለያየ አቅጣጫ ሲሄዱ የሚያሳየው ቪዲዮ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ደርሷል። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክዎ የሚጠራው በዚያው ምት ነው፤ ቀብር ላይ ሲጠራ እንኳ ለመዝጋት የማይቸኩሉት እኛን ለማጽናናት መሆኑን እንረዳለን።

ሁለተኛ፦ «ሕዝብ ያልተስማማበት» ስለተባለው። እውነቱን ለመናገር ሕዝቡ ከሁንዴ ጋር ሳይሆን እርስ በርሱ ነው ያልተስማማው። አዲሱ ሥራው «ጥሪ» የወጣ ዕለት የክፍላችን ልጆች «ቮልቱ ወርዷል፣ ትራንስፎርመር ይቀየርለት»፣ «ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ ማይኩን ሳያጠፋ እንቅልፍ ወስዶት ነው?» እያሉ ሲጽፉ ዋሉ፤ ግማሾቹ ከስልካቸው አጠፉት። እኔም ብሆን ከበሮው አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል እያልኩ አራት ደቂቃ ሙሉ ጠብቄ፣ ሲያልቅ ተሰድቤ እንደቀረሁ ሆኖ ተሰምቶኛል። ደራ ከተማ በአንድ ሰርግ ላይ በስህተት ከፍተውት ጨፋሪው ሁሉ ትከሻውን ሰቅሎ እንደቆመ ቀርቷል፤ የሙሽራው አጎት ዛሬም አልወረደለትም ይባላል።

በሌላ በኩል ቀመሪያ ጁስ ቤቷ ውስጥ ስትከፍተው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለሚያወራ፣ በዚያ ሳምንት አንድም ብርጭቆ እንዳልተሰበረባት ትምላለች። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ደግሞ ከሻሸመኔ ለሁንዴ የጻፈለትን መልእክት አይቻለሁ፦ «ወንድሜ፣ ከዝዋይ እስከ ሞጆ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ከበሮ የለውም፣ ግን ውስጡ ሰው አለ።» ይህን መልእክት ካነበብኩ በኋላ ነው እኔም በጆሮ ማዳመጫ እንደገና የሰማሁት። ሾፌሩ ትክክል ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን አላወቀም።

ሦስተኛ፦ ስለ ማክሰኞው። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዲዳ የሚባለው የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ጎማው በእርስዎ በር ፊት ለፊት ተነፈሰበት። ዲዳ ከባጃጁ የሚከብድ ስፒከር እንዳለው ሰፈሩ ያውቃል። ጎማውን ሊቀይር ሲወርድ «ጥሪ»ን ከፍቶ ነበር፤ «ጥሪ» የሚጀምረው ደግሞ በጡሩምባ ነው። ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፤ ሰው ሲሞት እድራችን ይጠራበት እንደነበረው። የነፋሱና የጋሪ ፈረሱ ኮቴ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚያ ድረስ የጠበቀ ግን አልነበረም።

ያንን ድምፅ ሰፈሩ በአደባባይ ከሰማው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እግሩ ግን አልረሳውም። በሩብ ሰዓት ውስጥ እትዬ ሙሉብርሃን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎረምሶቹ የድንኳኑን ብረት ተሸክመው፣ ቀመሪያ ጁስ ቤቷን ዘግታ ደረሱ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ድምፁ ከእርስዎ በር ስለመጣ ሁሉም መልሱን ከቤቱ ይዞ ነው የመጣው። እትዬ ሙሉብርሃን ሙሾውን ጀመሩ። «ለሰው አዛኙ» ሲሉ ሰዉ አለቀሰ፤ «አንደበተ ቁጥቡ» ሲሉ ግን ጥቂቶች ሌላ ሰው ይሆን እንዴ ብለው ግራና ቀኝ ተያዩ። እርስዎም በሩን ከፍተው፣ በፒጃማዎ፣ መፋቂያዎን በአፍዎ እንደያዙ ቆመው አዳመጡ። እኔ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ስለነበርኩ አይቻለሁ፤ በመሐል ራስዎን በመስማማት ነቅንቀዋል። ያስቆጣዎትም ሙሾው ሳይሆን መቋረጡ ይመስለኛል። ዲዳ ክሪኩን እንደያዘ «ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ያለዎት ከልቡ ነው። ድንኳኑን ሲያፈርስ «በከንቱ ደከምን» ያለውን ጎረምሳ ስም ግን ቢቆርጡኝም አልነግርዎትም።

ወንበር ሳቀብል ስለነበር ቆጠርኳቸው፤ መቶ ስልሳ ሁለት ሰው ነበር። ይህን ቁጥር ያስታውሱልኝ።

አራተኛ፦ አሁን ተራው ደረሰ። ሁንዴ ስልት በመቀየሩ ተከሰሰ። የዛሬ ሁለት ዓመት ግን ስልት የቀየረው እድራችን ነበር። ጡሩምባ «ኋላ ቀር አሠራር» ተባለ፤ የቀብር ጥሪ በቴሌግራም ሆነ። በዚህ ሰፈር ሰላሳ አንድ ዓመት ጡሩምባ የነፉት ጋሽ አብተው፣ ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷቸው ጡሩምባቸውን አስረከቡ። ያን ጊዜ «ምን አስቀየመቻችሁ?» ብሎ ወደ ኮሚቴው ሽማግሌ የላከ ሰው አልነበረም። እናንተ ከጡሩምባ ወደ ኮምፒውተር ስትሄዱ ዘመናዊነት፣ ሁንዴ ከኮምፒውተር ወደ ጡሩምባ ሲመጣ ማደናገር የሆነበትን ምክንያት በቃለ ጉባኤ ቢያስረዱን እኔው እገለብጠዋለሁ።

ጋሽ አብተው የእናቴ አባት ናቸው፤ እኔ «አካኮ» ነበር የምላቸው። ጡሩምባው ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከሁንዴ ጠረጴዛ በላይ፣ ምስማር ላይ ተሰቀለ። አካኮም የረሱት ዕቃ ያለ እያስመሰሉ በየሳምንቱ እየሄዱ ይወለውሉት ነበር። አንድ ቀን ሁንዴ «አባባ፣ አንዴ ይንፉልኝና ልቅዳው» አላቸው። ቅጂው መጀመሪያ ላይ፣ በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማ ብቻ፣ አንድ ትንሽ ሳል አለች። መጨረሻው ላይ ደግሞ ነፋሱ ሊያልቅ ሲል፣ «ገባልህ? ካልገባ ልድገመው» የሚል ድምፅ አለ። ቤታችን ውስጥ የአካኮ ፎቶ አለ፣ ጋቢያቸው አለ፤ የድምፃቸው ዋና ቅጂ ያለው ግን (በየስልኩ ያለውማ ዛሬ ተወዶ ነገ ይጠፋል) እናንተ ቅዳሜ በኮሚቴ ፊት እንዲጠፋ የወሰናችሁበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አካኮ ሞቱ። በአዲሱ አሠራር መሠረት በቴሌግራም ተነገረ። እርስዎ በየማለዳው የጽጌረዳ ሥዕል ከምርቃት ጋር ስለሚልኩልን (ሳናመሰግንዎ አናልፍም)፣ አባላቱ ሁሉ የግሩፑን ድምፅ ዘግተውታል። የአያቴ ሞት በሁለት ጽጌረዳዎች መካከል ወድቆ ዋለ። ቀብር የወጣነው አሥራ አንድ ነን፤ አንዷ እኔ፣ አንዱ ሁንዴ። ድንኳኑ በማግሥቱ ደረሰ። እርስዎ በሦስተኛው ቀን መጥተው «ስልኬ አላሳየኝም» አሉን። ለስንቱ ሬሳ ነፍተው፣ ለእሳቸው የነፋ አልነበረም።

ማክሰኞ ዕለት መፋቂያዎን ከአፍዎ አውጥተው «ማንም አልሞተም! የሐሰት ጥሪ ነው!» ብለው ጮኹ። ይቅርታዎን ጋሼ፣ የሞተ ሰው ነበረ። ጥሪው ዓመት አልፎት ደረሰ እንጂ የሐሰት አልነበረም። መቶ ስልሳ ሁለቱ ሰዎችም የተሳሳቱት በሩን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከኮሚቴው የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቅጂው አይጥፋ። ሁንዴ ከድስቶቹ ጋር ባለበት ይቀመጥ፤ ፈጣን ቢሠራ፣ ቀስ ያለ ቢሠራ፣ ሲፈልግ ዝም ቢል፣ እኛ አድማጮቹ እንደ ልማዳችን እንሰዳደብበታለን እንጂ ፈርሞ የሚሠራው ሙዚቃ አያምርም። የማያምኑኝ ከሆነ ከሦስት ዓመት ከአራት ወር በኋላ «ጥሪ»ን ነባርና ባህላዊ ብለው ሲከራከሩለት እንገናኝ፤ ያኔ ስልክዎ በምን እንደሚጠራ ለማወቅ ከወዲሁ ጓጉቻለሁ።

የጽጌረዳዎ መዓዛ ሳይለየን፣ ፊርማዎ ከነጭራው ሳያጥር፣ ሁለተኛው ሙሾዎ እጅግ እጅግ ርቆ፣ ሲደርስም ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው እንዲዘለቅልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣

ታዛዥ ልጅዎ
ኤቢሴ ኦሊቃ
የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የእድሩ ቃለ ጉባኤ ገልባጭ
የጡሩምባ ነፊው የአብተው የልጅ ልጅ

ግልባጭ፦
ለሁንዴ ቮልት (ከድስቶቹ አጠገብ)
ለዲዳ ባጃጅ (ጎማው በሚተነፍስበት)
ለእድሩ ቴሌግራም ግሩፕ (ማንም እንደማያየው ስለማውቅ በወረቀትም በር ላይ ለጥፌዋለሁ)

ማሳሰቢያ፦ የቅዳሜውን ስብሰባ ጥሪ በቴሌግራም ልከው እስካሁን መልስ የሰጡት ሁለት ሰዎች መሆናቸውን፣ አንዱም እርስዎ ራስዎ መሆንዎን አይቻለሁ። ምልዓተ ጉባኤ እንዳይጎድልዎ ብዬ፣ ሁንዴ ጡሩምባውን ከምስማሩ አውርዶልኝ አካኮን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ስለማመድ ሰንብቻለሁ። ሁለቱ ረጃጅሞች ወጥተውልኛል፤ አጭሯ ገና ታስነጥሳለች። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከበርዎ ፊት ቆሜ እነፋለሁ፤ መቶ ስልሳ ሁለቱ ሲመጡ እጃቸውን አውጥተው ይወስኑ። አደራዎን ሲወጡ መፋቂያዎን እንዳይረሱ፤ እትዬ ሙሉብርሃን «አንደበተ ቁጥቡ» ብለው ሳይጀምሩ በሕይወት መኖርዎን የምናረጋግጠው በእሱ ነው።