እናቶችን ያስበረገገ ቃል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፮ ቀን ፲፱፻፳፬ ዓ.ም.

ዛሬም የማስተምርበት ክፍል ባዶውን ዋለ። ጊዮርጊስ አጠገብ ለድሆች ሕፃናት በነጻ የምናስተምርበትን ቤት ከከፈትን ሦስት ሳምንት አለፈን፤ አንድም ልጅ አልመጣም። ለፋፊው እንደሆነ ገበያ መሐል ቆሞ ጉሮሮው እስኪደርቅ ተናግሮልናል። ንድድ ብሎኝ ራሴ ወደ እሪ በከንቱ ሰፈር ወረድኩ።

እንጨት ለቅማ የምትሸጥ አንዲት እናት የአራት ዓመት ሴት ልጇን በመቀነት ከቤቱ ምሰሶ ጋር አስራ ልትወጣ ስትል ደረስኩ።

"ምነው፣ እንዲህ ከምታስሪያት እኛ ጋ ብታመጫት?" አልኳት።

"ለፋፊው 'ልጆች ይመዝገቡ' አለ። ተመዝግቦ የተወሰደ ነገር መች ይመለሳል? ሰፈሩ በሙሉ ልጁን ደበቀ" አለችኝ።

አይ የኛ ነገር! "ይማራሉ፣ ይጫወታሉ፣ ማታ ቤታቸው ይገባሉ" ማለት አቅቶን!

ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ሰምታ ሰምታ፣ "የእህት የወንድምሽን ልጅ አስገብተሻል?" አለች።

"አዎን" አልኩ። ዋሸሁ። እህቴ "የኔ ልጅ ገና ነው" ብላ እምቢ ካለችኝ ሰነባብቷል።

ሴትዮዋ አምናኝ ነገ ጠዋት ልጇን ይዛ ትመጣለች። እሷ ሳትደርስ እህቴን በምን አፌ እንደማሳምን እኔ እንጃ።