የሰው ስጥ ዝናብ ሲመጣበት

ማክሰኞ

ወይ ብርድ! የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፣ ብርድ አያስፈራኝም ብዬ ስፎክር የነበርኩት አፌ ተሳሰረ። ዛሬ ልጄ ሰላም የምትሠራበትን አየሁ። ኖርዌይ ድረስ የመጣሁት እሷን ብዬ አይደል! ባሕሩ ዳር ያለ የድሮ ዓሣ ማድረቂያ ነው። ሊፈርስ የደረሰውን ቤት አድሰው ለጎብኚ ከፍተውታል። ደጁ ላይ ዓሣው ሁለት ሁለት እየሆነ በጭራው ታስሮ እንጨት ላይ ተሰቅሏል። ሽታው! ጾም ባይሆንም አልቀምሰውም።

ሰላም ገና በሙከራ ላይ ናት። ሐሙስ ብቻዋን፣ በአገሩ ቋንቋ ታስጎበኛለች። ካማረላት ትቀጠራለች። እራት ላይ «ካልሆነም አገርሽ ግቢ፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካው ሞልቷል» አልኳት። ሳህኗን አንሥታ ተነሣች። ምነው አፌን በቆረጠው።

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ።

ሠራተኛው ሁሉ ሄዷል፤ ሰላም ቢሮ ውስጥ ለነገ ትዘጋጃለች። እኔ ደጅ ቁጭ ብያለሁ። ሰማዩ ጠቆረ፣ ማካፋት ጀመረ። ዓሣው እንደተሰቀለ ነው፣ ዞር ብል ሰው የለም። ደብረ ብርሃን አጠገብ ባደግሁበት በጫጫ ደመና ከመጣ የማንም ስጥ ይሁን፣ ገብስም ሆነ ብቅል፣ ሮጦ ማስገባት ነው። ባለቤቱ አይጠበቅም። ነጠላዬን ታጥቄ ተነሣሁ። ዝቅ ካለው መስቀያ አንድ ሳላስቀር አውርጄ ቤት ውስጥ ከመርኩት። ወገቤ ተቆረጠ። ምርቃት ጠብቄ ነበር ደግሞ!

ሰላም ወጥታ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ለካ ይኼ ዓሣ ዝናቡም ነፋሱም እየመታው ነው የሚደርቀው፣ ወራት ሙሉ አይነካም። ነገ የምታሳየው እሱን ነበር። መልሰን እንዳንሰቅለው እሷም አሰቃቀሉን አታውቅም።

«እማዬ፣ ሆን ብለሽ ነው?» አለችኝ።

ሆን ብዬ! ማርያምን! ግን ትናንት ያልኩት ትዝ አለኝ። እራቷን ሳትበላ ተኛች።

ሐሙስ

በጠዋት ብቻዬን ወረድኩ። ግቢውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ክምሩ አጠገብ ቆመዋል። በልጅነታቸው እዚያው ሠርተዋል፣ ሰላም ነግራኛለች። ቋንቋ የለንም። ጣቴን ወደ ሰማዩ፣ ከዚያ ወደ ዓሣው፣ ከዚያ ወደ ራሴ ጠቆምኩ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አንዱን ጥንድ አንሥተው አሰቃቀሉን አሳዩኝ። እሳቸው እያቀበሉ እኔ እየሰቀልኩ፣ ጎብኚዎቹ ሳይመጡ ጨረስን። ተመስገን!

ሰላም ከወረቀቷ እያነበበች ጀመረች። ወረቀቷን አየች፣ መስቀያውን አየች፣ እኔን አየች። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ያለችው አልገባኝም፣ «ጫጫ» ስትል ግን ሰማሁ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። የደግ ሳቅ ነው፣ ያስታውቃል። አንዲት ሴትዮ መጥታ እጄን ጨበጠችኝ፣ በዚያ ሁሉ የዓሣ ሽታ።

ዓርብ

ቀጠሯት! ስልኩን ዘግታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ይቅር በይኝ እማዬ፣ እንደሱ ማለት አልነበረብኝም» አለች። እልል አልኩ፣ ጎረቤት የፈለገውን ይበል።

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆልፌ አለቀስኩ። ይዣት ልመለስ ነበር የመጣሁት። ለሰው አልተናገርኩም፣ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ዛሬ ገና ጻፍኩት።

ስወጣ ዓይኔን አየችና «ደስ አላለሽም እንዴ?» አለችኝ።

«ደስ ብሎኛል» አልኳት። አልዋሸሁም። ብቻዬን መመለሴን ግን እንዴት እንደምችለው እንጃ።