የተሰበረው የዋሻ ድንጋይ

ጅጅጋ፣ ኅዳር 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእታገኘሁ፣

ከእናታችንና ከልጆቹ ጋር እንደምን ከርማችኋል? እኔ በሥራዬ ከመብገኔ በስተቀር ለጤናዬ ደኅና ነኝ።

መሥሪያ ቤቴ የጥንቱን ዝናብ አጥና ብሎኛል። ዋሻ ውስጥ ከጣሪያው በሚንጠባጠበው ውሃ ዓመት በዓመት እየተደራረበ የሚያድግ ድንጋይ አለ። ሲሰነጠቅ ወፍራሙ መስመር ዝናብ የበዛበት ዓመት ነው፤ ቀጭኑ ደግሞ ዝናብ የጠፋበት። አንዱን በስንት ልፋት ቆርጬ ሳመጣ የኬላው ጠባቂ፣ «ውስጡ ኮንትሮባንድ አለ» ብሎ በመዶሻ ሰባበረው! አሥር ቀን ሙሉ ስብርባሪውን በሙጫ ስገጣጥም ከረምኩ።

ገጣጥሜ ስጨርስ ሰባት ቀጫጭን መስመሮች ተከታትለው አገኘሁ። ዋሻውን ያሳዩኝ ሽማግሌ፣ አባ ኸሊፍ፣ አይተው «ልጄ፣ ያኔ ሰዎቹ ወዴት ሄዱ?» አሉኝ። «ድንጋይ ስለ ሰው አያወራም!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ሽማግሌ ላይ ስጮኽ የመጀመሪያዬ ነው።

የጥንቱን ዝናብ ስቆጥር እየዋልኩ የእናንተን የቆቦን የዘንድሮ ክረምት የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። በሬያችንን ቦራን እንዳትሸጡት፤ ለእርሻ ያስፈልጋችኋል። በመስከረም በቀበሌው በኩል የላክሁት ደብዳቤ «ተቀባዮቹ አልተገኙም» ተብሎ ተመለሰ። ጸሐፊው ከወንበሩ ሳይነሣ ነው የጻፈው! ከገበያው በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ያለውን ቤት ማን ያጣዋል? አሁን ፖስታው ላይ የመንገዱን ካርታ ሥዬበታለሁ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ በየስማቸው ሳሚልኝ። ከካርታው ሥር «በሩ ቢዘጋም ደጋግማችሁ አንኳኩ» ብዬ ጽፌያለሁ።

ወንድምሽ መርሻ