በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፦ ስለ ሸጡልኝ ሽፋሽፍት

ሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን 1988 ዓ.ም.
ጋምቤላ

ለተከበሩ አቶ ሩፋኤል
በኒውላንድ ሰፈር የመድኃኒት ቤት ባለቤት

የሰፈራችን ሰው ሁሉ ጤና በእጅዎ ነውና፣ የእርስዎ ጤና እንዳይጓደል ከሁሉ አስቀድሜ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ሦስት ቀን አመንትቻለሁ፤ መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ማመን ስላለብኝ ነው። ሽፋሽፍት የሚያስረዝመውን ማስካራ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት ለማለት የምፈራ ልጅ ስለሆንኩ፣ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና መግቢያ ካርድ ፎቶ መነሳት ግዴታ ሲሆንብኝ፣ ቢያንስ ዓይኔ ደህና ሆኖ ይታይ ብዬ ነበር።

ነጭ ጋዋንዎን እንደለበሱ፣ ከሳል ሽሮፕና ከወባ ኪኒን መሃል ያንን ባለሁለት ጫፍ ዕቃ አውጥተው ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። በአንዱ ጫፍ ጥቁር ማጣበቂያ፣ በሌላው ጫፍ እንደ ብናኝ የደቀቀ ፀጉር አለው። ማጣበቂያው ተቀብቶ ፀጉሩ ሲነሰነስበት ሽፋሽፍቴ በአንድ ደቂቃ እጥፍ እንደሚሆን ሲያስረዱኝ፣ ድምፅዎ ስለ ክትባት የሚያስተምሩ እስኪመስል ድረስ የሐኪም ነበር። ስለዚህ አመንኩዎት። ቅሬታዬንም በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ዕቃው የተሠራው ሰው ላብ በማያውቅበት አገር መሆኑን አልነገሩኝም። በመጀመሪያው ቀን ከቤት ወጥቼ ትምህርት ቤት ሳልደርስ ፀጉሩ ከዓይኔ ወደ ጉንጬ ተሰደደ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ኛሙዎች ፊቴን አገላብጣ አይታ፣ «ሩሐማ፣ ያንቺ ዓይን ጢም አወጣ እንዴ? አባትሽ ምላጭ የለውም?» አለችኝ። የክፍሉ ልጆች በሙሉ ሰምተዋል። በአንድ ቀን ይህን ያህል ዝና ስላተረፉልኝ ባለውለታዬ ነዎት።

2ኛ. ዕቃውን በኪኒን ከረጢት ከተው ሲሰጡኝ በከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ «በቀን 3 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለ7 ቀን» ብለው ጽፈውልኛል። እኔ ወባ እየታመምኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ኪኒን ጀምሮ ያቋረጠ ሰው በሽታው ይብስበታል እየተባልን ነው የተማርነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ቢያሳፍረኝም አላቋረጥኩም። ቁርስ በልቼ ቀባሁ፤ ምሳ በልቼ ቀባሁ፤ እራት በልቼ ቀባሁ። አንድ ማታ እራት አላሰኘኝም ነበር፤ በባዶ ሆድ እንዳይጎዳኝ ብዬ ቂጣ ቆርሼ ከበላሁ በኋላ ቀባሁ። ይታጠባል ተብሎ ስላልተጻፈ አላጠብኩትም።

በሰባተኛው ቀን፣ መድኃኒቱን በጨረስኩበት ጠዋት፣ ፎቶ አንሺው ጀማል ዘንድ ሄድኩ። ያበጠው ዓይኔ እንዳይታይ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ገብቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጀማል ካሜራውን አስተካክሎ ጥቂት ጠበቀና፣ «እህቴ፣ አሁን ዓይንሽን ክፈቺ» አለኝ። ከፍቼዋለሁ አልኩት። እሱም «እንግዲያው አላህ ይርዳሽ» አለና አነሳኝ። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ፎቶ የሚሰበስቡት መምህር «የተኛ ሰው ፎቶ አንቀበልም» ብለው መለሱልኝ። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። እስከዚያ ሌላ ፎቶ ካላስገባሁ ካርድ አይሠራልኝም፤ ካርድ የሌለው ደግሞ አይፈተንም። እናቴ የትናየት ማጣበቂያውን በዘይት ብታሸው አልለቅ ስላላት ሽፋሽፍቴን በመቀስ ቆረጠችው። እጥፍ ይሆናል ያሉኝ ነገር አሁን ጭራሹን የለም።

3ኛ. ይህን ቅሬታ የማቀርበው ስለ ራሴ አይደለም። ከረጢቱን ለኛሙዎች ሳሳያት እሷም ከቤታቸው ሁለት ከረጢት አመጣችልኝ። አንዱ የሕፃን እህቷ የሳል ሽሮፕ የተሰጠበት ነው፤ ሌላው የወንድሟ የጭርት ቅባት የነበረበት ነው። በሁለቱም ላይ፣ በዚያው በሚያምረው የእጅ ጽሑፍዎ፣ «በቀን 3 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለ7 ቀን» ተብሏል። እናቷ አማርኛ ማንበብ ስለማይችሉ ከረጢቶቹን እንደ ትልቅ ሰነድ በሳጥን ቆልፈው አስቀምጠዋቸዋል። ለዓይንም፣ ለሳልም፣ ለጭርትም አንድ ትእዛዝ ማግኘትዎ ሥራዎን እንዳቀለለልዎ አልጠራጠርም። የእኔስ ሽፋሽፍት ነው፣ ይበቅላል። ያቺ ሕፃን ግን የዋጠችውን ማን በመቀስ ይቆርጥላታል?

በዚህ ሁሉ መካከል ስላስተማሩኝ ትዕግሥት ያለኝን ምስጋና ሳቀርብ፣ ገና ያበጡትን ሁለት ዓይኖቼን በታላቅ አክብሮት ወደ እርስዎ አቅንቼ ነው።

ሩሐማ ዘውዱ
8ኛ «ለ» ክፍል

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ነገ ጠዋት እንደገና ጀማል ዘንድ እሄዳለሁ። ነጠላዬን አወርድና ያለ ሽፋሽፍት፣ እንዲሁ እንዳለሁ እነሳለሁ። ከዚያ ሰው በሚበዛበት በአራት ሰዓት ከኛሙዎች ጋር ወደ መድኃኒት ቤትዎ እንመጣለን። ሦስቱን ከረጢቶች ከፊትዎ ደርድረን፣ የትኛው የዓይን፣ የትኛው የሳል፣ የትኛው የጭርት እንደሆነ ከጽሑፍዎ ለይተው በሰዎቹ ፊት እንዲያነቡልን በትህትና እንጠይቅዎታለን። እርስዎ ካላነበቡ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ኛሙዎች በኑዌር ቋንቋ ትደግመዋለች።